ከመሸሸግ ወደ መጠየቅ፦ ሕፃን ለሞተባቸው ወላጆች የሚደረግ የሆስፒታል ድጋፍ ታሪክ

አንዲት እናት ወደ ማዋለጃ ክፍል የምትገባው ልጅ ታቅፋ ለመውጣት ነው። ጽንሱ በማህፀን ሳለ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ ወይም ሕፃኑ በተወለደ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ሲሞት፣ የክፍሉ ሥራ በአንድ ጊዜ ሁለት ይሆናል። በአንድ በኩል የደም መፍሰስን መቆጣጠር፣ እንግዴ ልጁን ማውጣትና የእናቲቱን ሕይወት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ሐዘን የወደቀባት ሴትና ከበር ውጭ ወሬ የሚጠብቅ ባል አሉ። የሕክምና ትምህርት የመጀመሪያውን ሥራ በዝርዝር ሲያስተምር ኖሯል። ሁለተኛው ግን ለረጅም ዘመን ለባለሙያው የግል ስሜትና ለክፍሉ ልማድ የተተወ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ልማዱ ባለፉት አንድ መቶ ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ በተለይ በብሪታንያ ታሪክ መነሻነት ይዳስሳል። ብሪታንያ የተመረጠችው ስሕተቱም እርማቱም በሕግ፣ በጥናትና በመመሪያ ተመዝግቦ የሚገኝባት አገር በመሆኗ ነው። የሌሎች አገሮች ጥናቶችም በዚሁ ሂደት ላይ ተጽዕኖ ባሳደሩበት ቦታ ተጠቅሰዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የታሪኩ ጭብጥ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሆስፒታሎች በመጀመሪያ የሞተውን ሕፃን ከእናቱ መሸሸግን እንደ ርኅራኄ ቆጠሩት፤ ቀጥሎ ሕፃኑን ማሳየትን እንደ ደንብ ያዙት፤ በሁለቱም ዘመን በቀላሉ የሚዘነጋው ነገር እናቲቱን መጠየቅ ነበር።

በቤት ይወለድ በነበረበት ዘመን

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝና በዌልስ አብዛኛዎቹ ሴቶች የሚወልዱት በቤታቸው ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ከ1000 ወሊዶች 40 ያህሉ ሕፃኑ ሞቶ የሚወለድባቸው ነበሩ። ሞቱ የተለመደ ስለ ነበር ሐዘኑ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን ሕፃኑ በቤት ውስጥ ይቆይ ስለ ነበር ዘመድና ጎረቤት ያየው ነበር፤ ያጠበውና የገነዘውም ሰው ይታወቅ ነበር።

ይሁን እንጂ መንግሥትም ሆነ የሃይማኖት ተቋማት ለዚህ ሕፃን የሰጡት ቦታ ጠባብ ነበር። ሞቶ የተወለደ ሕፃን እስከ 1927 ድረስ በእንግሊዝና በዌልስ የክብር መዝገብ አይሰፍርም ነበር። በ1926 የወጣው ሕግ በማግሥቱ ዓመት ሥራ ላይ ሲውል ከ28 ሳምንት እርግዝና በኋላ ሞቶ የተወለደ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ። የሕጉ ዓላማ ግን ወላጆችን ማጽናናት አልነበረም። አኀዝ ለመሰብሰብና በሕይወት ተወልዶ የተገደለ ሕፃን «ሞቶ የተወለደ ነው» ተብሎ እንዳይቀበር ለመከላከል የወጣ ነበር። 28 ሳምንት ሳይሞላ ሞቶ የተወለደው በሕግ ፊት እንዳልተወለደ ይቆጠር ነበር።

በሃይማኖት ረገድም ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። በካቶሊካዊት አየርላንድ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በተቀደሰ መካነ መቃብር ስለማይቀበሩ፣ «ኪሊኒ» በሚባሉ የተለዩ ስፍራዎች ያለ ሥርዓተ ጸሎት ይቀበሩ ነበር። በአይሁድ ልማድም ሠላሳ ቀን ላልሞላው ሕፃን የተሟላው የለቅሶ ሥርዓት አይፈጸምም ነበር። ይህ የሆነው ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት ዘመን ወላጆች ከባድ የለቅሶ ግዴታ ደጋግሞ እንዳይጫናቸው ታስቦ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይገለጻል። እንግዲህ ለሕፃኑ ሐዘን ቦታ በመንፈግ ሆስፒታሉ የመጀመሪያው አልነበረም። ሆስፒታሉ ከነባሩ ዝምታ ላይ የጨመረው ግን ሕፃኑን ከእናቱ ዓይን ማራቁን ነው።

ወሊድ ወደ ሆስፒታል ሲገባ

በእንግሊዝና በዌልስ በሆስፒታል የሚወልዱ ሴቶች በ1927 ከመቶ 15 ያህል ብቻ ነበሩ። በ1946 ከግማሽ በላይ ሆኑ። በ1970 የፒል ኮሚቴ እየተባለ የሚጠራው የመንግሥት ኮሚቴ ለሁሉም ሴቶች በሆስፒታል የመውለድ ዕድል እንዲመቻች ሐሳብ አቀረበ። በ1980ዎቹ በቤት መውለድ እምብዛም የማይታይ ነገር ሆነ። በዚህ ዘመን ውስጥ በእናቶች አመጋገብ፣ በቅድመ ወሊድ ክትትል፣ በደም ልገሳና በቀዶ ሕክምና መሻሻል የተነሣ ሞቶ መወለድ ከ1000 ወሊዶች ወደ 10 ገደማ ወረደ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ዳሩ ግን ሞቱ እያነሰ ሲሄድ ሞት የደረሰባት እናት ብቸኝነት በዚያው ልክ ጨመረ። ቀድሞ ከጎረቤቶቿ መካከል ተመሳሳይ ሐዘን የደረሰባትን ሴት በቀላሉ ታገኝ የነበረችው እናት አሁን በዋርዱ ውስጥ ባዶ እጇን የቀረች እርሷ ብቻ ሆነች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ሦስት ዐሥርት ዓመታት በብሪታንያ ሆስፒታሎች የነበረው አሠራር እናቶች በኋላ ከሰጡት ምስክርነት በሚገባ ይታወቃል። ሕፃኑ ሞቶ ሲወለድ በጨርቅ ተጠቅልሎ በፍጥነት ከክፍሉ ይወጣል። እናቲቱ ወንድ ይሁን ሴት ብላ ብትጠይቅ እንኳ መልስ የማታገኝበት ጊዜ ነበር። የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣታል። ከዚያም ጡቷ ወተት አግቶ፣ የሌሎች ሴቶች ሕፃናት በሚያለቅሱበት ዋርድ ትተኛለች። ባልየው እርሷ ከመመለሷ በፊት የተዘጋጀውን አልጋና ልብስ ከቤት እንዲያነሣ ይመከራል። ለሁለቱም የሚሰጠው ምክር «ርሱት፤ ቶሎ ሌላ ውለዱ» የሚል ነበር።

ቀብሩን ብዙ ጊዜ የሚፈጽመው ሆስፒታሉ ነበር። በውል የተያዘ ቀባሪ ሕፃኑን ይወስዳል፤ ሕፃኑም ከሌሎች ሕፃናት ጋር በጋራ መቃብር፣ አንዳንድ ጊዜም ከማይታወቅ አዋቂ አስከሬን ጋር ይቀበራል። ወላጆች በቀብሩ ላይ አይገኙም፤ ቦታውም አይነገራቸውም። ልጃቸው የት እንደተቀበረ ከዐርባና ከሃምሳ ዓመታት በኋላ የመቃብር መዛግብትን አስፈትሸው ያገኙ አረጋውያን ወላጆች ብዙዎች ናቸው።

ይህን አሠራር ጭካኔ ብሎ ማለፍ ታሪኩን አለመረዳት ይሆናል። አዋላጆቹና ሐኪሞቹ ይመሩ የነበረው እናት ያላየችውንና ያልታቀፈችውን ልጅ አትናፍቅም፣ ካልናፈቀችም አትጎዳም በሚል እምነት ነበር። እምነቱ ቀና ሐሳብ ያለበት ነው። ነገር ግን በጥናት የተፈተነ አልነበረም፤ እናቶችን ጠይቆ የደረሰበትም አልነበረም።

ዝምታውን የሰበሩ ጥናቶች

ስለ ሐዘን የነበረውን የሕክምና አመለካከት ከለወጡት ጽሑፎች አንዱ የተጻፈው ከማዋለጃ ክፍል ርቆ ነው። በ1942 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ «ኮኮናት ግሮቭ» በተባለ የምሽት ክበብ በተነሣ ቃጠሎ 492 ሰዎች ሞቱ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኤሪክ ሊንደማን ከአደጋው የተረፉትንና ሌሎች ሐዘንተኞችን ተከታትሎ በ1944 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐዘን የራሱ የታወቁ ምልክቶች ያሉትና ሐዘንተኛው ሊወጣው የሚገባ ሂደት መሆኑን አስረዳ። ሐዘናቸውን ያፈኑ ሰዎች ቆይተው ለሕመም እንደሚጋለጡም ገለጸ። ይህ ግንዛቤ ወደ ማዋለጃ ክፍል ለመድረስ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ።

በ1968 ስታንፎርድ ቦርን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ልጃቸው ሞቶ የተወለደባቸው ሴቶች የቤተሰብ ሐኪሞች የሆኑትን መጠይቅ ልኮ ጠየቀ። መልሳቸውንም ጤነኛ ልጅ ከወለዱ ሴቶች ሐኪሞች መልስ ጋር አነጻጸረ። ያገኘው ውጤት ስለ እናቶቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ሐኪሞቹም የሚናገር ነበር። የሐዘንተኞቹ ሐኪሞች ስለ ታካሚያቸው ነገሩን የማወቅ፣ ልብ የማለትና የማስታወስ ፍላጎት እንደሚጎድላቸው መልሳቸው አሳየ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ከባድ ነው። «እናቲቱን ለመጠበቅ» ተብሎ የተያዘው ዝምታ ሐኪሙንም የሚጠብቅ ነበር። ሞቶ የተወለደ ሕፃን በባለሙያው ልብ የሽንፈት፣ የጥፋተኝነትና የፍርሃት ስሜት ያሳድራል፤ አስከሬኑን በፍጥነት ማራቅ ከዚህ ስሜትም ያርቃል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ጆን ኬኔል፣ ሃዋርድ ስላይተርና ማርሻል ክላውስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ጨቅላ ልጆቻቸው የሞቱባቸውን 20 እናቶች አነጋግረው ውጤቱን አሳተሙ። ሕፃናቱ ከአንድ ሰዓት እስከ 12 ቀን የኖሩ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው 580 ግራም ብቻ የሚመዝንና በሕይወት ሊቆይ የማይችል ይገኝበታል። ሐዘን በሁሉም እናቶች ላይ በግልጽ ታየ። ሕፃኑ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ እርግዝናው የታቀደም ይሁን ያልታቀደ ልዩነት አላመጣም። «ያላወቁትን አይናፍቁም» የሚለው እምነት የቆመበት መሠረት በዚህ ተናጋ። እናት ከልጇ ጋር የምትተዋወቀው በተወለደ ቀን ሳይሆን አስቀድሞ በእርግዝናው ወራት መሆኑ ታወቀ።

በ1976 ደግሞ የለንደኑ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኢማኑኤል ልዊስ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ ሞቶ መወለድ አያያዝ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ልዊስ ያተኮረው የሐዘኑ ባሕርይ ላይ ነው። ሌላ ሰው ሲሞት ፊቱ፣ ድምፁና አብሮ የኖሩት ዘመን ይታሰባል። ሞቶ የተወለደ ሕፃን ግን ለሐዘንተኛዋ የሚታሰብ ምንም አይተውላትም፤ ነገሩ እንዳልሆነ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ወላጆች ሕፃኑን እንዲያዩትና እንዲታቀፉት፣ ስም እንዲያወጡለትና በቀብሩ እንዲገኙ ባለሙያዎች እንዲረዷቸው መከረ። ይህ ጽሑፍ ለቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት አሠራር መነሻ ከሆኑት ዋነኞቹ አንዱ ነው።

የወላጆች ድምፅ

ጥናቱን ወደ ዋርድ ያስገቡት በአብዛኛው ሐዘኑ የደረሰባቸው ወላጆችና ከጎናቸው የቆሙ ባለሙያዎች ናቸው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ሆስፒታል ሲስተር ጄን ማሪ ላም በ1977 «ሼር» የተባለውን የወላጆች መረዳጃ መሠረቱ። በብሪታንያ በ1978 ሄዘላን ልዊስና ቤል ሞስቲን ሞተው ለተወለዱ ሕፃናት ወላጆች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ቆይቶ ጨቅላ ሕፃናት የሞቱባቸውንም ወላጆች በማካተት «ሳንድስ» በሚለው ስም ይታወቃል።

የእነዚህ ማኅበራት አስተዋጽኦ እርስ በርስ ከመጽናናት ያለፈ ነበር። ወላጆች በጣም የጎዳቸው ምን እንደ ነበረ ለባለሙያዎች በዝርዝር ነገሩ። ከተነሡት ነጥቦች ብዙዎቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ነበሩ፦ የሕፃኑ ፆታ አለመነገሩ፣ አባት ከክፍሉ መባረሩ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያልሰማች ነርስ «ልጁ እንዴት ነው?» ብላ መጠየቋ። ለዚህ የመጨረሻው ችግር የተገኘው መፍትሔ የእንባ ጠብታ ምስል ያለበት ትንሽ ምልክት በእናቲቱ ካርድ ላይ መለጠፍ ነው። ካርዱን የሚያነሣ ሠራተኛ ሁሉ ከመናገሩ በፊት እንዲያውቅ ያደርጋል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለውጡ በብዙ ሆስፒታሎች ተስፋፋ። ከሌሎች ወላዶች የተለየ ክፍል፣ የሕፃኑ ፎቶግራፍ፣ የእጅና የእግር አሻራ፣ የፀጉር ዘለላ፣ የስም አምባር፣ የቀብር ምክክርና ከሳምንታት በኋላ የሚደረግ ቀጠሮ የተለመዱ ሆኑ። ለዚሁ ሥራ የተመደቡ አዋላጅ ነርሶችም ተሾሙ። በ1991 ሳንድስ ለባለሙያዎች የሚሆን መመሪያ አሳተመ። በ1992 ሕጉ ተሻሽሎ የምዝገባው ወሰን ከ28 ሳምንት ወደ 24 ወረደ። ከዚህ በታች ያሉት ለረጅም ጊዜ ያለ ማስረጃ ቆዩ፤ በ2024 ግን በእንግሊዝ ከ24 ሳምንት በፊት ጽንስ ለጠፋባቸው ወላጆች፣ ከፈለጉ፣ የመታሰቢያ ምስክር ወረቀት መስጠት ተጀመረ።

አዲሱ ልማድ ደንብ ሲሆን

መልካም ሐሳብ ወደ ሥራ ማስኬጃ ቅጽ ሲገባ ሊደነድን ይችላል። የልዊስ ምክር ወላጆችን ለመርዳት የተሰጠ ነበር። በተግባር ግን በአንዳንድ ሆስፒታሎች «ሕፃኑን አይታለች? ታቅፋለች? ፎቶግራፍ ተነሥቷል?» እየተባለ ምልክት የሚደረግበት ዝርዝር ሆነ። ማየት ያልፈለገች እናት ሐዘኗን እንደካደች ተቆጥራ የምትጎተጎትበት ሁኔታ ተፈጠረ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኢርቪንግ ሊዮን በ1992 ባሳተመው ሒሳዊ ጽሑፍ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ አሠራር የእያንዳንዱን ቤተሰብ ሐዘን ሊያደበዝዝ እንደሚችል አስጠነቀቀ።

በ2002 ፓትሪሺያ ሂዩዝና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ ያካሄዱት ጥናት በ«ላንሴት» ወጥቶ ከፍተኛ ክርክር አስነሣ። በጥናቱ ቀደም ሲል ልጃቸው ሞቶ የተወለደባቸውና እንደገና ያረገዙ 65 ሴቶች ተካተዋል። በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ሲመረመሩ፣ የሞተውን ሕፃን ከታቀፉት 39 በመቶው፣ አይተው ካልታቀፉት 21 በመቶው፣ ጨርሶ ካላዩት 6 በመቶው የድብርት ምልክት ታየባቸው። ውጤቱ ሃያ አምስት ዓመት ሲሰበክ የቆየውን የሚያፈርስ መሰለ። በ2007 የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም «ናይስ» እናቶች ሕፃኑን እንዲያዩና እንዲታቀፉ እንደ መደበኛ ሥራ መገፋፋት እንደማይገባ ደነገገ። የወላጆች ማኅበራት ባለሙያዎች ይህን ቃል «አታሳዩ» ብለው ይተረጉሙታል የሚል ሥጋት አደረባቸው።

ጥናቱ ውስንነት ነበረበት። በየምድቡ ያሉት ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ ማን ታቅፋ ማን ሳታይ እንደቀረች የወሰነው ዕጣ ስላልነበረ፣ የቡድኖቹ ልዩነት ከመታቀፉ ይሁን ከሌላ ነገር ለመለየት ያስቸግራል። በ2008 ጆአን ካቻቶሬና ባልደረቦቿ ከ2000 በላይ እናቶችን ያካተተ ጥናት አሳተሙ። በዚህም ሕፃኑን ማየትና መታቀፍ በአጠቃላይ ከአነስተኛ ጭንቀትና ድብርት ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ እንደገና ባረገዙት ሴቶች ላይ ግን ሁኔታው ለጊዜው የተለየ መስሎ ታየ። በ2013 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ በዚህ ድጋፍ ላይ የተደረገ፣ መስፈርቱን የሚያሟላ በዕጣ ምደባ የተካሄደ ሙከራ አንድም አላገኘም።

ከዚህ ክርክር ውስጥ ለሥራ የሚበጀውን ፍንጭ የሚሰጠው ቀደም ብሎ በስዊድን ተካሂዶ በ1996 የታተመው የኢንገላ ሮደስታድና የባልደረቦቿ ጥናት ነው። በ1991 ልጃቸው ሞቶ የተወለደባቸው ከ300 በላይ እናቶች ከሦስት ዓመት በኋላ ተጠየቁ። ሕፃኑ በማህፀን መሞቱ ከታወቀ በኋላ ምጥ እስኪጀመርላቸው 25 ሰዓትና ከዚያ በላይ በጠበቁት ላይ ከባድ ጭንቀት አምስት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ምንም መታሰቢያ ባልቀራቸው ላይ ሦስት እጥፍ፣ ሕፃኑን የፈለጉትን ያህል ጊዜ ለማየት ባልተፈቀደላቸው ላይ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው «የፈለጉትን ያህል» የሚለው ቃል ነው። የእንግሊዙ ጥናት የለካው የተፈጸመውን ድርጊት ነበር፤ የስዊድኑ ግን የእናቲቱን ፍላጎትም ጠይቋል። አንዲት ሴት ልጇን ለማየት ፈልጋ ስትከለከልና ሌላዋ ሳትፈልግ እንድታይ ስትገፋፋ፣ በመዝገብ የሚሰፍረው ድርጊት ተቃራኒ ቢሆንም የደረሰባቸው በደል አንድ ነው።

የናይስ መመሪያ በ2014 ሲታደስ ይህን አቅጣጫ ያዘ። ልምድ ያለው ባለሙያ የሕፃኑን ፎቶግራፍ ስለማየት፣ መታሰቢያ ስለመያዝ፣ ሕፃኑን ስለማየትና ስለመታቀፍ ከእናቲቱ፣ ከባለቤቷና ከቤተሰቧ ጋር እንዲመካከር፣ በኋላም የክትትል ቀጠሮ እንዲሰጥ አዘዘ። «አሳዩ» እና «አታሳዩ» በ«ተመካከሩ» ተተኩ።

የአስከሬን ምርመራና ፈቃድ

መጠየቅ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል በሌላ መስክም ታይቷል። በሊቨርፑል በሚገኘው የአልደር ሄይ የሕፃናት ሆስፒታል ከ1988 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ከሞቱ ሕፃናት የተወሰዱ የውስጥ አካላት ወላጆች ሳያውቁ ተቀምጠው መገኘታቸው በ1999 ይፋ ሆነ። የአጣሪው ቡድን ዘገባ በ2001 ወጣ። ልጃቸውን ሙሉ ገላውን ቀብረናል ብለው ያመኑ ወላጆች እንደገና ለመቅበር ተገደዱ። በ2004 የወጣው የሰው አካላት ሕግ የወላጆችን ፈቃድ የግድ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ስለ አስከሬን ምርመራ መነጋገር ጊዜና ሥልጠና የሚጠይቅ የሐዘን ድጋፍ አካል ሆኖ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም «ለምን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ ከሐዘኑ የሚነጠል አይደለም።

ታሪኩና ኢትዮጵያ

ከላይ የተገለጸው ሽግግር በኢትዮጵያ በአጭር ጊዜ ውስጥ በመካሄድ ላይ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የተፈጸመ ወሊድ በ2005 ከመቶ 5 ነበር፤ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደረሰ። በብሪታንያ ዐሥርት ዓመታት የፈጀው ከቤት ወደ ተቋም የመሸጋገር ጉዞ እዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙውን መንገድ ሄዷል። በ2016ቱ ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያውን ወር ሳያልፉ ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ቀድሞ በቤት ውስጥ በዘመድ መካከል ይሆን የነበረው ሐዘን አሁን እየበዛ የሚደርሰው በማዋለጃና በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ነው።

ባህሉ ለዚህ ሐዘን ያለው አያያዝ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ዝምታ አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን በተለምዶ ፍትሐት አይደረግለትም። ሞቶ ለተወለደም ብዙውን ጊዜ ድንኳን አይተከልም፤ ለቅሶ ደራሹም ጥቂት ነው። እናቲቱ የምትሰማው ቃል «ዋናው አንቺ መትረፍሽ ነው፤ እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል» የሚል ነው። ቃሉ በፍቅር የሚነገር ቢሆንም በብሪታንያ ዋርዶች ይሰጥ ከነበረው ምክር ብዙም አይርቅም። ልጆቿ ተከታትለው የሚሞቱባት ሴት «ሾተላይ አለባት» መባሏ ደግሞ ሐዘኗ ላይ ጥፋተኝነትን ይጨምርባታል። ይህ ስም ዛሬ የደም ዓይነት አለመጣጣም ለሚያስከትለውና ሊከላከሉት ለሚቻል ችግር የሚውል በመሆኑ፣ የሞቱን ምክንያት በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት ሕክምናም ማጽናኛም ነው።

በሌላ በኩል ባህሉ የጠፋውን ጨርሶ አይረሳም። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ ከሐዘን በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጡ ናቸው። ማስረሻ ተብሎ የተጠራ ልጅ በተጠራ ቁጥር የሚረሳውን ነገር ያስታውሳል። ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው፣ ብዙ ሳይናገሩ አብሮ መቀመጥ፣ አስከሬንን በክብር መገነዝ በማኅበረሰቡ ዘንድ የታወቁ ናቸው። ከውጭ መቅዳት የማያስፈልገው ይህ እውቀት በዋርዱ በር ላይ እንዲቀር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ጥበትና ጥድፊያ ነው።

ከታሪኩ የሚወሰደው

በ2020 የታተመውና ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች የተስማሙበት ሰነድ ሞቶ ከመወለድ በኋላ ለሚሰጥ እንክብካቤ ስምንት መርሖዎችን አስቀምጧል። ከእነዚህ መካከል ነቀፌታን መቀነስ፣ እናቲቱንና ሕፃኑን በአክብሮት መያዝ፣ ውሳኔን ከወላጆች ጋር መወሰን፣ የሞቱን ምክንያት ለማወቅ መጣር፣ ሐዘን ከሰው ሰው እንደሚለይ መቀበል፣ ስለሚቀጥለው እርግዝና መምከርና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ይገኙበታል። ባለሙያው ራሱ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው የቦርን ጥናት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት አመልክቷል፤ የራሱን ሐዘንና ሥጋት የሚናገርበት ቦታ የሌለው ሠራተኛ ከእናቲቱ አልጋ መራቁ አይቀርም።

የተለየ ክፍልና የተመደበ ሠራተኛ በሌለበት ጤና ጣቢያም ሊደረግ የሚችል አለ። የሞተውን ነገር በግልጽ ቃል «ሞቷል» ብሎ ከመቀመጫ ላይ ሆኖ መንገር፣ ባልን ወይም እናትን ማስገባት፣ መጋረጃ መሳብ፣ የሕፃኑን ፆታና ክብደት መናገር፣ ገላውን አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል፣ ወተት ሲያግት ምን ማድረግ እንዳለባት ማስረዳት፣ ለክትትል ቀን መቁረጥና በካርዱ ላይ የሚቀጥለው ባለሙያ የሚያውቀው ምልክት ማኖር ትልቅ በጀት አይጠይቁም። ከሁሉም በፊት «ልጅዎን ማየት ይፈልጋሉ? አሁን ባይፈልጉ ቆይተው መጠየቅ ይችላሉ» የሚለውን ጥያቄ አቅርቦ መልሱን መጠበቅ ያስፈልጋል። መልሱ «አልፈልግም» ከሆነ ይከበራል፤ ሕፃኑ ግን ወዲያው አይሰወርም፤ ምክንያቱም ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐሳቧን ልትለውጥ ትችላለች። አስከሬኑ ከተቀበረ በኋላ ግን ይህን ጥያቄ መልሶ ማቅረብ አይቻልም።